ፆታው ባዶ የቀረው የራጅ ማዘዣ

የራጅ ማዘዣ ሲሞላ ሁሌም የሚዘለል ቦታ አለ። ስም ይጻፋል። ዕድሜም ይጻፋል፣ ባይታወቅ እንኳ በግምት። የካርድ ቁጥር የግድ ነው፣ ያለሱ ክፍያ መስኮቱ ጋ አይታለፍም። «ፆታ» የሚለው ጋ ሲደረስ ግን እስክሪብቶው ዘሎት ያልፋል። አዛዡ ምን ያድርግ፣ ታካሚው ፊቱ ተቀምጧል፣ ወንድ ይሁን ሴት እያየው ነው፣ ከኋላ ደግሞ ወረፋው እስከ በሩ ድረስ ተሰልፏል። ለአዋቂ ሰው የእግር ስብራት ከሆነ ችግር የለውም። የልጅ የአጥንት ዕድሜ ሲሆን፣ ማለትም አጥንቱ ምን ያህል እንደበሰለ በራጅ አይቶ ዕድሜ መገመት ሲሆን፣ ግን ያቺ ባዶ ቦታ ሰው ታስወነጅላለች። አይቻለሁ።

የምሠራው ደብረ ብርሃን ነው፣ ራጅ ክፍል። የሆስፒታሉ ስም ይቅር። የአጥንት ዕድሜ ራጅ በብዛት አይመጣልንም። ሲመጣም ወይ «ልጄ ማደግ አቆመ» የሚል ወላጅ ነው፣ ወይ ፖሊስ ይዞት የመጣ ልጅ ነው። የፖሊሱ ይከብዳል። በ1996ቱ የወንጀል ሕግ 9 ዓመት ያልሞላው ልጅ በወንጀል አይጠየቅም፤ 9 ከሞላው ግን ለወጣት አጥፊዎች የተቀመጠው ሥርዓት ይመለከተዋል። የልደት ወረቀት ለሌለው ልጅ ያቺ አንድ ዓመት በእጅ ፎቶ ስትወሰን አስቡት።

የማወራላችሁ ልጆች ግን ከፖሊስ ጋር ምንም ጉዳይ አልነበራቸውም። ከመንዝ ናቸው፣ ከመሐል ሜዳ ወጣ ካለ ቀበሌ፣ ሌሊት ተነስተው በጣርማበር በኩል ከአባታቸው ጋር የመጡ። አባትየው ባናውን ተከናንቧል። ልጆቹ አንድ ዓይነት ሹራብ ለብሰዋል፣ ሁለቱም ራሳቸውን ተላጭተዋል። ሴቷን ከወንዱ የምትለየው ሹራቡ ሥር ብቅ ባለው ቀሚሷ ብቻ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንድ የልጆች ድጋፍ ድርጅት ትምህርት ለሚጀምሩ ልጆች ዩኒፎርም፣ ደብተርና በየወሩ ትንሽ ብር ይሰጣል። ደንቡ ከአንድ ቤት አንድ ልጅ ነው። መንታ ከሆኑ ብቻ ሁለቱም ይመዘገባሉ። አባትየው «መንታ ናቸው፣ ስድስት ዓመት ከመንፈቅ ሆኗቸዋል» አለ። መዝጋቢዋ አላመነችም። አልፈርድባትም፤ ሁለተኛ ልጅ ለማስገባት ሲል ታላቅና ታናሹን መንታ የሚያደርግ ወላጅ አጋጥሟት ያውቃል። ደግሞም ልጆቹን ብታዩዋቸው መንታ አይመስሉም። ልጅቷ ጠያቂውን ቀና ብላ እያየች ትመልሳለች፣ ወንድሟን እጁን ይዛ ትመራዋለች፣ ከላይ የፊት ጥርሷ ወልቆ አዲሱ ብቅ ብሏል። ልጁ ከአባቱ ባና ሥር አይወጣም። የወተት ጥርሱ አንድም አልጎደለም። ቁመታቸው የሚበላለጠው በጣት ስፋት ነው፣ እሷ ትበልጣለች። እንዲሁ መንገድ ላይ ባገኛቸው እኔም ታላቅና ታናሽ ናቸው ብዬ አልፍ ነበር።

ስለዚህ ድርጅቱ ደብዳቤ ጻፈ፦ የሁለቱ ልጆች ዕድሜ በሕክምና ይረጋገጥ። ጤና መኮንኑ ሁለት ማዘዣ ሞላ። የግራ እጅና አንጓ፣ የአጥንት ዕድሜ። በሁለቱም ወረቀት ላይ ፆታ የሚለው ባዶ ነው። የልጅቷ ስም ደግሞ፣ ስሟን አልጽፈውም እንጂ፣ ለወንድም ለሴትም ከሚወጡት ስሞች አንዱ ነው። ደስታ፣ ብርሃን፣ እንደዚያ ያለ።

አነሳኋቸው። የአጥንት ዕድሜ ራጅ ማንሳት ቀላል ነው፤ ግራ እጅ፣ መዳፍ ወደታች፣ ጣቶች ትንሽ ከፈት ብለው፣ ጨረሩ መካከለኛዋ ጣት ከመዳፉ በምትነሳበት ጋ ያርፋል። አስቸጋሪው ልጁን ሳይንቀሳቀስ ማቆየቱ ነው። በደብረ ብርሃን ጠዋት የራጅ ጠረጴዛ እጅ ያቃጥላል፣ በብርድ ማለቴ ነው። ልጁ መዳፉን እንዳስቀመጠ ሰብሰብ አደረገው። እኅቱ ተራዋን ጨርሳ በሩ ጋ ቆማለች። «አያምም እኮ፣ ፎቶ ነው» አለችው፣ ከዚያ የራሷን መዳፍ ግድግዳው ላይ ዘርግታ አሳየችው። የሁለቱም የእጅ ጀርባ በውርጭ ተሰነጣጥቋል። ልጁ እሷን እያየ ዘረጋ። ከዚያ ወዲያ አንዴም አልተንቀሳቀሰም።

ምስሎቹ ወጡ። የልጅቷ አንጓ ላይ ሰባት አጥንት ይቆጠራል፣ ትናንሽ ቢሆኑም ጥርት ያሉ። በትንሿ ጣት በኩል ባለው የክንድ አጥንት ጫፍ ላይም አዲስ ነጥብ መታየት ጀምራለች። የልጁ ላይ አምስት ብቻ። የክንዱ ጫፍ ባዶ ነው።

ምስሉን ያነበበው ልጆቹን ያላየ ሐኪም ነው። ጎበዝ ልጅ ነው፣ ከተመረቀ ብዙ አልቆየም። እሱ ያለው ሌላ ክፍል ኮምፒውተር ላይ ነው። ስልኩ ላይ ያለውን የግሩሊክና ፓይል አትላስ፣ የልጆች እጅ ራጅ በየዕድሜው የተደረደረበትን መጽሐፍ፣ ከፈተ፣ ምስሎቹን ከገጾቹ ጋር አመሳሰለ፣ ጻፈ፦ የመጀመሪያው ሕፃን 7 ዓመት ገደማ፣ ሁለተኛው 5 ዓመት ገደማ፣ እኩያ አይመስሉም። በቃ። መዝጋቢዋ ወረቀቱን ገና ሳታነበው ስልኳን አውጥታ ነበር። አባትየው ወደኔ ዞረ፤ እኛ ዘንድ ነጭ ጋውን የለበሰ ሁሉ ዶክተር ነው።

«ዶክተር፣ እናታቸው በአንድ ሌሊት ነው የወለደቻቸው። እኔ እዛው ነበርኩ። የራጅ መሣሪያው ነበረ እንዴ?»

ምን ትላለህ። «ጋሼ፣ ትንሽ ይታገሱ» አልኩትና ወረቀቱን ይዤ ወደ ሐኪሙ ሄድኩ።

«ዶክ፣ ይቺኛዋ እኮ ሴት ናት።»

«እና?»

«ያየኸው ገጽ የወንድ ነው።»

ስልኩን እንደገና ከፈተው። ይህ አትላስ ሁለት ክፍል አለው። መጀመሪያ የወንዶች ይመጣል፣ 31 ምስል። ከዚያ የሴቶች፣ 27 ምስል። ፆታ ያልተጻፈበት ማዘዣ የያዘ ሰው ከላይ ሲጀምር የሚያገኘው የወንዶቹን ነው፣ ስልክ ላይ ሲሆን ደግሞ ወደታች እየገፋ የሴቶቹ ድረስ የሚሄድ የለም።

ለምን ሁለት ክፍል አስፈለገው? ልጅ ሲወለድ የእጅ አንጓው በራጅ ባዶ ነው የሚታየው። ስምንቱም አጥንቶች በቦታቸው አሉ፣ ግን ገና ልስልስ ስለሆኑ ራጅ አያያቸውም። ከዚያ በየተራ እየጠነከሩ ብቅ ይላሉ፤ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ በጥቂት ወራት ውስጥ፣ የመጨረሻዋ፣ አተር የምታክለው፣ ከ8 እስከ 12 ዓመት ባለው ጊዜ። ተራው ለሴትም ለወንድም ይቀራረባል። ጊዜው ግን አይገጥምም። ሴት ልጅ በአጥንት ብስለት ከወንድ የምትቀድመው ገና ስትወለድ ጀምሮ ነው፤ ያኔ ልዩነቱ የሳምንታት ነው፣ ትምህርት በሚጀምሩበት ዕድሜ ወደ አንድ ዓመትና ከዚያም በላይ ይሰፋል፣ ጉርምስና ሲቃረብ ሁለት ዓመት ገደማ ይሆናል። ብዙ ሰው የሴትና የወንድ አጥንት ልዩነት ከጡትና ከጢም ጋር አብሮ የሚመጣ ይመስለዋል። በጊዜው በኩል ግን ልዩነቱ ከጅምሩ አለ።

ጥርስም እንደዚሁ ነው። ቋሚ ጥርስ ለሴቶች በአማካይ በወራት ቀደም ብሎ ይወጣል። መዝጋቢዋ እንደ ማስረጃ የያዘችው የወለቀ ጥርስ እንግዲህ ይሄ ነው።

ሐኪሙ ትንሽ አሰበና ተከራከረ። ደስ ያለኝም ይሄ ነው፣ ዝም ብሎ አልተቀበለም። «ሴት ከሆነች ታዲያ ምስሉ ራሱ አይናገርም? የሴት አጥንት እኮ ቅርፁ የተለየ ነው።»

አይናገርም። የስድስት ዓመት ልጅ እጅ የወንድ ይሁን የሴት ከምስሉ ተነስቶ በእርግጠኝነት የሚነግርህ የለም። የሞተ ሰው አጥንት መርምረው ማንነት የሚለዩ ባለሙያዎች እንኳ፣ አዋቂ ሲሆን ዳሌውን አይተው ወንድ ወይም ሴት ይላሉ፣ ጉርምስና ያልደረሰ ልጅ አጥንት ሲገጥማቸው ግን ይጠነቀቃሉ። የዙሪክ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2016 ከፅንስ እስከ እርጅና ያሉ ሰዎችን የዳሌ አጥንት በሲቲ ስካን አወዳድረው ያሳዩትም ይህንኑ ነው፤ እስከ ጉርምስና ድረስ የሁለቱም ዳሌ በአንድ መንገድ ይሄዳል፣ ከዚያ የሴቷ ይታጠፋል። ከዚያ በፊት ልዩነት የለም ማለት አይደለም። የወንዶቹ ረጃጅም አጥንቶች በትንሹ ወፈር ይላሉ፣ የጀርባ አጥንታቸው ሰፋ ይላል፣ የአጥንቱ ጥግግት ግን አንድ ነው። ይሄ ሁሉ ብዙ ልጆች ተለክተው በአማካይ የሚታይ ነው። አንድ ልጅ ፊትህ አቁመህ አትለይበትም።

ቁመትም አይረዳህም። በዓለም ጤና ድርጅት መለኪያ የአምስት ዓመት ወንድ ልጅ መካከለኛ ቁመት 110 ሴንቲ ሜትር ነው፣ የሴቷ 109.4። የስድስት ሚሊ ሜትር ልዩነት ናት፣ ጫማ ይደብቃታል። ከዚያም እስከ ጉርምስና ሁለቱም በዓመት 5 ወይም 6 ሴንቲ ሜትር ያህል ያድጋሉ። ከውጭ ስታያቸው እኩል ናቸው፣ ውስጡን ስታየው እሷ ቀድማለች። ቀድማ ትጀምራለች፣ ቀድማም ትጨርሳለች። የሴቷ ፈጣን እድገት ወደ 12 ዓመት ገደማ ጫፍ ይደርሳል፣ የወንዱ ወደ 14። ወንዱ ሁለት ዓመት ያህል ተጨማሪ ልጅነት አለው፣ አዋቂ ሆኖ በቁመት የሚበልጣትም ዋናው ምክንያት ይሄው ነው።

በነገራችን ላይ፣ እድገቱን በመጨረሻ የሚዘጋው በወንዶችም ቢሆን ኤስትሮጅን ነው፣ «የሴት ሆርሞን» የምንለው። እ.ኤ.አ. በ1994 የኤስትሮጅን መቀበያው የማይሠራ የ28 ዓመት ሰው በሕክምና መጽሔት ተዘግቦ ነበር፤ 204 ሴንቲ ሜትር ደርሶ አጥንቱ ገና አልተዘጋም፣ አሁንም እያደገ ነበር። ይህን ስነግረው ሐኪሙ ሳቀ፣ «ወደ መንታዎቹ እንመለስ» አለኝ። ልክ ነው።

የሴቶቹን ገጽ አወጣን። ሰባት የአንጓ አጥንትና ብቅ ያለች የክንድ ጫፍ ነጥብ፣ በወንዶቹ ገጽ የ7 ዓመት የሆነው ያው ምስል በሴቶቹ ወደ 6 ዓመት ወረደ። የልጁ ባለበት ቆየ፣ 5 ዓመት ገደማ። የሁለት ዓመቱ ልዩነት ግማሹ ሄደ። የቀረው አንድ ዓመትስ? በዚያ ዕድሜ ጤነኛ ልጆችም ከአንድ ዓመት በላይ ወዲህና ወዲያ ይላሉ። ወንድና ሴት መንታ ደግሞ ከሁለት የተለያዩ እንቁላሎች የሚፈጠሩ ናቸው። በዘር ከተራ እኅትና ወንድም የበለጠ አይመሳሰሉም፣ ከተራዎቹ የሚለዩት ማኅፀኑን በአንድ ጊዜ በመጋራታቸው ብቻ ነው።

ሁለቱም ከተባለው ዕድሜያቸው ወደኋላ ቀርተዋል፣ ይህንንም ሐኪሙ አስተውሏል። አትላሱ የተሠራው እ.ኤ.አ. ከ1931 እስከ 1942 በአሜሪካ ኦሃዮ፣ ክሊቭላንድ ከተማ በተነሱ ልጆች ምስል ነው፤ ጠግበው የሚያድሩ የደህና ቤተሰብ ልጆች። እ.ኤ.አ. በ2016 በተደረገው የአገራችን የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ደግሞ በአማራ ክልል ከአምስት ዓመት በታች ካሉ ልጆች 46 በመቶው ለዕድሜያቸው አጭር፣ የቀነጨሩ ነበሩ። ምግብ ያነሰው ልጅ አጥንቱ ይዘገያል። ጥርስ ያን ያህል አይዘገይም። የመንዝን ልጅ በክሊቭላንድ ልጅ ስትለካ ምስሉ የሚነግርህ እንዴት እንዳደገ ነው፣ መቼ እንደተወለደ አይደለም። ምናልባት ያንን ራጅ ለማንሳት ከመጀመሪያውም ምክንያት አልነበረም፤ እኔ ግን ማዘዣ ሲመጣ የማነሳ ሰው ነኝ።

አዲሱ ንባብ ተጻፈ፦ ልጅቷ ሴት፣ የአጥንት ዕድሜ 6 ዓመት ገደማ፤ ልጁ ወንድ፣ 5 ዓመት ገደማ፤ ውጤቱ መንታ መሆናቸውን አይቃረንም፤ የተወለዱበት ቀን በዚህ ምርመራ ሊረጋገጥ አይችልም። የመጨረሻዋን ዐረፍተ ነገር ሲስተር ናት ያስጨመረችው። ከሁላችንም በላይ ደብዳቤ የት የት እንደሚዞር የምታውቀው እሷ ናት።

መዝጋቢዋ አንብባ፣ «ታዲያ መንታ ናቸው አላላችሁኝም እኮ» አለች። እውነቷን ነው። ያኔ ሲስተር ወደ አባትየው ዞራ፣ «ክርስትና መቼ ተነሱ?» አለችው።

አባትየው ከባናው ሥር ፌስታል አወጣ፣ ከፌስታሉ ሌላ ፌስታል፣ ከዚያ ሁለት የክርስትና ካርድ። መዝጋቢዋ አይታቸው ታውቃለች፤ ቀኖቹ አይገጥሙም ብላ ጥርጣሬዋን ያባሰባትም እነሱ ናቸው። ለካ ቁጭ ብላ አልቆጠረችውም። ሲስተር በጣቷ እያጠፈች ቆጠረች፣ ከልጁ ክርስትና እስከ ልጅቷ ክርስትና አርባ ቀን። ወንድ በአርባ ቀኑ፣ ሴት በሰማንያ ቀኗ፤ አዳም በአርባ፣ ሔዋን በሰማንያ ገነት ገቡ ከሚለው የመጣውን ሥርዓት እዚያ ክፍል ውስጥ የማያውቅ አልነበረም። ከሁለቱ ቀኖች ወደኋላ ስትቆጥር የምታርፈው አንድ ቀን ላይ ነው። በቤተ ክርስቲያን እሷ ትዘገያለች፣ በአጥንት እሷ ትቀድማለች፣ ሁለቱንም ያላወቀ ታላቅና ታናሽ ያደርጋቸዋል።

መዝጋቢዋ ሳቀች፣ ትንሽም አፈረች። ሁለቱንም መዘገበቻቸው። አባትየው ለሲስተር «እድሜ ይስጥሽ» ብሎ መረቀ፣ እኔን ደግሞ «ያንተም መሣሪያ ደህና ነው» አለኝ። በምን ቃና እንዳለው እስካሁን አልገባኝም።

ከዚያ ወዲህ የልጅ ማዘዣ ያለ ፆታ አልቀበልም፣ የአጥንት ዕድሜ ባይሆን እንኳ። ሰዎች የሚረሱት ክርኑን ነው። ልጅ ከበቅሎ ወይም ከካብ ላይ ወድቆ ክርኑ ሲያብጥ፣ የክርን አጥንቶችም በየተራቸው ነው የሚወጡት፣ ስድስት ናቸው፣ ከአንድ ዓመት ዕድሜ ጀምሮ በግምት በየሁለት ዓመቱ አንድ። እዚህም ሴቶቹ ይቀድማሉ። በቦታዋ መታየት የነበረባት አንዷ ከሌለች ሁለት ነገር ሊሆን ይችላል፤ ወይ ገና አልደረሰችም፣ ወይ በውድቀቱ ተገንጥላ መገጣጠሚያው ውስጥ ገብታለች። የመጀመሪያው ከሆነ ልጁ በፋሻ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ሁለተኛው ከሆነ ቀዶ ሕክምና ነው። አንባቢው መድረስ አለመድረሷን ሲገምት ከዕድሜው ጋር ፆታውን ማወቅ አለበት፣ ምንም እንኳ የተራው ቅደም ተከተልና የሌላኛው ክርን ምስል የበለጠ ቢረዱትም።

ማዘዣ ስመልስ የሚቆጡ አሉ። «እዚህ ድረስ ለአንዲት ፊደል ትመልሰዋለህ?» የሚል የድንገተኛ ክፍል ሐኪም ነበር። አዎ፣ እመልሰዋለሁ። ታካሚው በር ላይ ሲሆን እኔው ጠይቄ እሞላዋለሁ፣ ምስሉ ብቻውን ወደሌላ ክፍል የሚሄድ ከሆነ ግን ከአዛዡ እጅ ተሞልቶ እንዲመጣ እፈልጋለሁ። ጤና መኮንኑ አሁን ይሞላል፣ ያውም በትልቁ። ባለፈው ሳምንት ከሌላ ክፍል የመጣው ማዘዣ ላይ ፆታ በሚለው ቦታ «ሕፃን» ተብሎ ተጽፎ አገኘሁ። እሱንም መለስኩት።